ልብስ ሰፊው ካሳ እና የደብሬ ሰባተኛ ፍልሰታ

ካሳ ረጅም ሰው ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ ብዙው የሰቆጣ ሰው ስለማያውቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገበያው ዳር ካለው በረንዳ ላይ፣ ከስፌት ማሽኑ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ነው የምናውቀው። ለልቅሶ ወይም ለሠርግ ብድግ ያለ ቀን ግን ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና “ኧረ ይሄ ሁሉ ሰውዬ የት ተጣጥፎ ኖሯል?” ይላል።

የተወለደው እዚሁ አገራችን ባለው ዝቋላ፣ ከጽጽቃ ወዲያ ነው። ልጅ ሳለ ሰቆጣ መጥቶ ስፌት ተማረ፤ እስከ ዛሬ ሜትር ዘርግቶ ሲለካ በሆዱ የሚቆጥረው በትውልድ ቋንቋው፣ በኽምጣና ነው። አጠገቡ ማሽኑን ተክሎ የሚሰፋው ወዳጁ ከሪም “ደንበኛው ስንት ክንድ እንደቆረጠ እንዳያውቅበት ነው” እያለ ያማዋል። ካሳ ይስቃል እንጂ መልስ አይሰጥም። መልስ የሚሰጥለት ሰው ቤት ውስጥ ነበረችው፤ ባለቤቱ ደብሬ። ካሳ በዓመት የሚናገረውን ደብሬ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰው ነበር።

ደብሬ ግንቦት ላይ ሞተች። ሐዘኑን አላወራውም፤ ሌላ ታሪክ ነው። የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ካሳ ቄስ ገብረ አምላክን ፍለጋ ዝናብ ለዝናብ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፤ ብርሃን ትባላለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ታመመች፤ ሦስት ወር ከመደብ አልተነሣችም፤ ደሴ ድረስ ተወስዳ ነበር። ያኔ ደብሬ ተሳለች። የተሳለችውም እንዲህ ብላ ነው፦ “እመቤቴ ሆይ፣ ልጄን በእግሯ ካቆምሽልኝ ሰባት ዓመት ፍልሰታን ከግቢዬ በር ሳልወጣ፣ እህል በቀን አንዴ ሽምብራ ብቻ እየቀመስኩ እጾምልሻለሁ።” ሌላው ሰው በሱባኤው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲተም፣ የእሷ ሱባኤ እቤት ሆነ። የታመመች ልጅ ትታ የት ትሂድ? ብርሃን ዳነች። ደብሬም በየዓመቱ ነሐሴ አንድ ሲጠባ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ አሥራ አምስቱን ቀን ትቀመጣለች። ጦርነቱ ደርሶ ሰው ልጁንና ምጣዱን ተሸክሞ ወደ ገጠር በሸሸባት ክረምት እንኳ “ቀኔ አልሞላም” ብላ ከግቢዋ አልወጣችም። ስድስት ዓመት ጾመች። ሰባተኛው ቀረ።

“አባ፣” አለ ካሳ ቄሱን፣ ኮፍያውን አውልቆ እየጨመቀ፣ “ሚስት የተሳለችውን ባል ይጨርሰዋል ወይ?”

ቄስ ገብረ አምላክ የሁለቱም የነፍስ አባት ናቸው። ቀና ብለው አዩት፤ ቀና ማለት ግድ ነው።

“አንተ? በዓቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ጨጓራዬ እያልህ የምትመጣው?”

“እኔ።”

“ውዳሴ ማርያም ታውቃለህ?”

“አነባለሁ። ቀስ ብዬ።”

“ነሐሴ የልጃገረዶቹ የሻደይ በዓል ቀሚስ የሚሰፋበት ወር መሆኑንስ ረሳኸው? ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ወር አይደለም?”

“ማሽኑን ወደ ቤት አመጣዋለሁ።”

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። “እናንተ በቁርባን የተጋባችሁ ናችሁ፤ አንድ ሥጋ ናችሁ። ትችላለህ። ግን ካሳ፣ ደብሬን አውቃታለሁ፤ ያቺ ሴት ከብረት ነበረች።”

“እኔም አውቃታለሁ፤” አለ ካሳ። ኮፍያውን አደረገና ሄደ።

እቤት ያለው ጦርነት ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ብርሃን አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፤ እናቷን የወጣችው በቁመት ሳይሆን በምላስ ነው።

“አባዬ፣ ስእለቱ ለእኔ የተሳለ ነው። ጾሙም የእኔ ነው፤ እኔ እጾመዋለሁ።”

“አንቺ የዳንሽው ነሽ። የዳነ ሰው ሥራው መዳን ነው።”

“ጨጓራህስ?”

“እሱም ይጹም።”

እንዲህ ነው ካሳ። ሲናገር አጭር፣ ሲይዝ የማይለቅ።

የሐምሌ ሠላሳ ለት ከሪምና ካሳ ማሽኑን ተሸክመው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከሪም እየተነፈሰ “ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ስንሰፋ ይሄ ማሽን እንዲህ እንደሚከብድ አልነገርከኝም፤ ለካ ቁጭ ሲል ትንሽ የሚመስለው አንተ ብቻ አይደለህም” እያለ አሾፈበት። ግቢው ውስጥ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርገው ተከሉት። ከሪም ለሚመጣው ሁሉ “የካሳ ደንበኛ ከሆንሽ ውረጂ፤ እቤቱ ታስሯል” እያለ ሊልክለት ቃል ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን ደንበኛ ለራሱ ማስቀረት ይችል ነበር። አንድም አላስቀረም።

የመጀመሪያው ቀን፣ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ካሳ ችግር ገጠመው። ምን መሰላችሁ? ምራቅ!

ልብስ ሰፊ ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገባ ጫፉን በምላሱ ያረጥበዋል፤ ሲጨርስ በጥርሱ ይበጥሰዋል። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። ካሳም አርጥቦ፣ አስገብቶ፣ በጥሶ፣ ሦስተኛው ላይ ደነገጠ። ውሃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይ የማለ ሰው አፉን በክር ሞልቶታል። የጥጥ ብናኝ ምላሱ ላይ ተጣብቋል። እሱን ቢውጠው ጾም ገደፈ ማለት ነው? ቢተፋው ደግሞ ምራቁ ያልቅና ጉሮሮው ይደርቃል። ያለ ምራቅ ሊያስገባ ሞከረ። ክሩ እንደ ድመት ጭራ ተበትኖ አስቸገረው። ስምንት ቀሚስ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ እሱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከአንድ ቀዳዳ ጋር ይታገላል።

እኩለ ቀን ላይ ከሪም ሊጠይቀው ብቅ ሲል ሁኔታውን አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

“ሠላሳ ረመዳን አጠገብህ ስጾም ምን ስታይ ኖርክ? ምራቄን ክር ላይ ስጨርስ አይተኸኛል?”

“ልብ አላልኩም።”

“ወላሂ አንተ ልብ የምትለው ቅምቅማት ብቻ ነው። አምጣው።” ከኪሱ ቁራጭ ሰም አወጣ። የክሩን ጫፍ በመቀስ በሰያፍ ቆረጠው፤ ሰሙ ላይ አንዴ ሳብ አደረገው፤ በሁለት ጣቱ ጠቅለል። ክሩ እንደ ሽቦ ቆመና መርፌው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። “በጥርስህ አትበጥስ። መቀሱን በክር አንገትህ ላይ አንጠልጥለው። ሲደክምህ እግርህን አሳርፍ እንጂ አትተኛ፤ የተኛ ሰው የበለጠ ይርበዋል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያለችው ሰዓት ናት ክፉዋ፤ ያኔ ቀላል ሥራ ሥራ፤ ቁልፍ ትከል። ውድ ጨርቅ በዚያ ሰዓት እንዳትቆርጥ። እኔ አንድ ረመዳን የአንድ ሰውዬን ሱሪ ሁለት ግራ እግር አድርጌበታለሁ።”

“ምን አለ?”

“ማን? ሰውየው? እስካሁን ይራገማል።”

ይሄ ሁሉ ካሳን ጠቀመው። ከዚያ በኋላ ቀኑ መልክ ያዘ። ማለዳ ተነሥቶ ውዳሴ ማርያሙን በመነጽር፣ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ደብሬ ፊደል ሳትቆጥር በቃሏ የምትወርደውን እሱ ቃል በቃል እየተደናቀፈ ይወጣዋል፤ መጀመሪያ ቀን የአንዱን ቀን ጸሎት ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ከዚያ ወደ ማሽኑ። ስድስት ሰዓት ላይ የቅዳሴው ድምፅ በማጉያ ከላይ ሲመጣ ይነሣል፤ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሶ፣ የግቢውን በር መቃን በእጁ ተደግፎ ይቆማል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርሃን በጣሳ ሽምብራ ታቀርብለታለች፤ በሁለት እጁ ይቀበላታል። አራተኛው ቀን ላይ ጨጓራው ጮኸ። ስምንተኛው ቀን ላይ ዝም አለ። ብርሃን እንደነገረችኝ አባቷ ሽምብራ እየቆረጠመ ለመጀመሪያ ጊዜ “እናትሽ እንዴት ቻለችው?” አለ።

አሁን ወደ ዘጠነኛው ቀን ልምጣ፤ ልቤ እየመታ ነው የምጽፈው።

ዓይናዲስ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጥልፍ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ቸኩላለች፤ ጓደኞቿ ሹሩባ ሊሠሩ እየጠበቋት ነው። እላይዋ ላይ እንዳደረገችው “ልክ ነው ጋሼ ካሳ፣ ልክ ነው!” ብላ በሩን ብርግድ አድርጋ ወጣች። ካሳ ከማሽኑ ኋላ ሆኖ በተከፈተው በር ያያታል። ዳገቱን ስትጀምር፣ የቀሚሱ የግራ ጫፍ ከቀኙ ሁለት ጣት ወርዶ ታየው።

እንግዲህ ልብስ ሰፊን የማታውቁ ሰዎች ይሄን አትረዱትም። ሰው ልጁ እሳት ውስጥ ስትገባ እንደሚያይ ነው። ካሳ ብድግ አለ፣ ያ ሁሉ ቁመት! ስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ “ቁሚ! እዚያው ቁሚ!” እያለ ሮጠ። ደረሰባት። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ልጅቱ “ኧረ ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው!” ትላለች፤ እሱ ዙሪያዋን እየዞረ ይሰካል፣ ይለካል፣ በኽምጣና ይቆጥራል። ሦስት ስፒል ሲቀረው የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ካሳ እንደለመደው ሊያማትብ ፊቱን ወደ ላይ መለሰ። ከዚያም የበሩን መቃን ሊደገፍ እጁን ዘረጋ።

መቃን የለም። በሩ ከኋላው ሠላሳ እርምጃ ርቆ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ዓይናዲስ ስትናገር “ፊቱ እንደ አመድ ሆነ” ትላለች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። “ሂጂ፤ ነገ አምጪው፤ እቀመቅመዋለሁ” አላት። ድምፁ አልተቆጣም። ሠላሳውን እርምጃ ተመልሶ ገባና ማሽኑ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጠ።

ዜናው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ከሪም ማሽኑን ሳይከድን መጣ።

“ስማ፣ ረስተህ ነው። እኛ ዘንድ ረስቶ የበላ እንኳ ጾሙን ይቀጥላል። አላህ አበላው ነው የሚባለው።”

“የእናንተ ጥሩ ነው።”

“የእናንተም ጌታ ያው ነው እኮ!”

“እሱ ነው፤” አለ ካሳ፣ “ስእለቷ ግን የደብሬ ናት።”

ብርሃን አለቀሰች። “በቃ አባዬ፣ በቃ። እናቴ ብትኖር ትስቅ ነበር።” እውነቷን ነው፤ ደብሬ ብትኖር ሰፈሩ እስኪሰማ ትስቅ ነበር። ካሳ ግን ቄሱ እንዲጠሩለት ላከ።

ቄስ ገብረ አምላክ ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ደረሱ። ታሪኩን ሰምተው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

“ልጄ፣ ሳታስበው ነው የወጣኸው። ኃጢአት የለብህም። ቀጥል።”

“ኃጢአት አለብኝ አላልኩም አባ። ጎደለ ነው የምለው። አሥራ አምስት ቀን ነው ያለችው።”

“ሠላሳ እርምጃ ነው እኮ ካሳ!”

“አባ፣ አንድ እጅጌ አንድ ስንዝር አሳጥሬ ሰፍቼ ‘ሳላስበው ነው’ ብል፣ ቀሚሱ ይደርሳል?”

ቄሱ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ካሳ ቀጠለ፦

“ሲጣመም ደግሞ እንደማደርገው ላድርግ። እፈታዋለሁ። ከነገ፣ ከነሐሴ አሥር፣ እንደገና አንድ ብዬ እጀምራለሁ። አሥራ አምስቱ ነሐሴ ሃያ አራት ይሞላል።”

“ነሐሴ አሥራ ስድስት ፍልሰታ ይፈታል! ሻደይ ነው! አገር ሁሉ ዶሮ ሲበላ አንተ ሽምብራ ልትቆረጥም?”

“አዎ።”

“እመቤታችን ባረገችበት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማድረቅ አልፈቅድልህም። በበዓሏና በሰንበት ቅዳሴ እንዳለቀ ጠዋት ትበላለህ።”

“ሽምብራ እበላለሁ።”

“ከሃያ አራት በኋላ አንድ ቀን አትጨምርም።”

“አልጨምርም።”

“ከደከመህ ብርሃን ትጠራኛለች፤ ያኔ እኔ ያልኩት ይሆናል።”

“ይሁን።”

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሲወጡ ለብርሃን ቀስ ብለው “ከብረት የነበረችው እሷ ብቻ ናት ብዬ ተሳስቻለሁ” አሏት።

ካሳ በዚህ የሚያጣውን ነገር እነግራችኋለሁ። ካሳ አይጠጣም፣ አይጨፍርም፣ ጨዋታ አያውቅም። የዓመት ደስታው አንድ ናት፦ ሻደይ ለት ከከሪም ጋር ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ልጃገረዶቹ ቄጤማቸውን በወገባቸው አስረው ሲያሸበሽቡ ከራሱ እጅ የወጡትን ቀሚሶች መቁጠር። የማን ስፌት በጭፈራ ተተረተረ፣ የማንስ ጸና? ሁለቱ በየዓመቱ ይፎካከራሉ። ዘንድሮ ግቢው ውስጥ ሆኖ ከበሮውን ብቻ ሊሰማ ነው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ደረሰ፤ ለካሳ ሰባተኛው ቀን። ከተማው ጠዋት በዶሮ ወጥ ሽታ ታጠነ። ብርሃን ለሐዘኗ ስትል አልጨፈረችም፤ ለአባቷ ስትልም ወጥ አልሠራችም። “ለራስሽ ሥሪ እንጂ!” ቢላት “አንተ እያየኸኝ? እንዴት ይወርድልኛል!” አለችው። ሁለቱም ሽምብራ በሉ።

በማግስቱ ከበሮው ወደ ሰፈራቸው ቀረበ። የመራችው ዓይናዲስ ነበረች። ጥፋቷ ይሁን ፍቅሯ እንጃ፤ ብቻ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶችን አስከትላ በሩ ላይ መጣች። ቄጤማው በወገባቸው ይንሿሿል፣ እጃቸው ያጨበጭባል፣ የቤቱን ጌታ በዘፈን ይጠሩታል። የቤቱ ጌታ ወጥቶ ማመስገንና ስጦታ መስጠት ደንብ ነው።

“ጋሼ ካሳ ውጣ! ውጣልን!”

ካሳ መጣ። የበሩ ደፍ ጋ ሲደርስ የሁለት እግሮቹን ጣቶች አስተካክሎ ቆመ፤ አንዲት ጣት አላሻገረም። እጁን ብቻ ዘርግቶ ስጦታውን ሰጠ። አንዷ፣ ነገሩን የማታውቅ፣ እጁን ይዛ “ና ጨፍር እንጂ!” ብላ ጎተተችው። አሥራ ስድስት ቀን ሽምብራ ብቻ የበላ ሰው ነው፤ ተንገዳገደ፤ አንድ እግሩ ከመሬት ተነሣ። ብርሃን ከኋላ በወገቡ ያዘችው። ዓይናዲስ ከፊት “ልቀቂው! ልቀቂው አንቺ!” ብላ ጮኸች። እግሩ ተመልሶ ወደ ውስጥ አረፈ። ሁሉም ተነፈሰ።

ከሪም ከልጃገረዶቹ ኋላ ቆሟል። “ካሳ! የማን ስፌት ነው ያቺ ቀይ ጥልፍ?”

“የአንተ።”

“በምን አወቅክ?”

“ብብቷ ሥር ሊተረተር ነው።”

ልጅቱ ክንዷን አንስታ አየች፤ እውነትም ሊተረተር ነው! ሳቁ እስከ ገበያ ተሰማ። እዚያው በሩ ሥር አስቁሞ፣ እሱ ከውስጥ እሷ ከውጭ ሆነው፣ በሰም ክር ሰፋላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ቀኖች ቀላል አልነበሩም። ከበሮው አልፎ ሄደ፤ የሻደይ ሥራም አለቀ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ከፍልሰታ በኋላ የሚጾም አንድ ካሳ ነው፤ አብሮት የሚራብ ከተማ የለም። ሃያ አንድ ላይ ማሽኑን ሲረግጥ ዓይኑ ጨለመበትና ብርሃን ቄሱን ልትጠራ ነጠላዋን አነሣች። “ቁጭ በይ” አላት፤ ለጥቂት ጊዜ መርገጡን ተወ፤ ቁልፍ ተከለ። በማግስቱ የብርሃንን የትምህርት ቤት ጃኬት፣ ከአምስት ዓመት በፊት የቀደደችውን፣ አውጥቶ ጠገነ። ውዳሴ ማርያሙም ተለውጦ ነበር። መጽሐፉን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መነጽሩን ግን አያደርግም። አፉ ይሄዳል። ብርሃን በር ላይ ቆማ ታዳምጠዋለች፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት አለ፤ እናቷም እዚያው ቦታ ላይ ዝቅ ታደርግ ነበር። ማን አስተማረው? ስድስት ክረምት ሙሉ አጠገቧ ሲተኛ በእንቅልፍ ልቡ ሰምቶት ይሆናል።

ነሐሴ ሃያ አራት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻውን ጣሳ በላ። አንድ ፍሬ አላስተረፈም።

ሃያ አምስት ጠዋት ቄስ ገብረ አምላክ ጠበል ይዘው፣ ከሪም ማሽኑን ሊሸከም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዓይናዲስም ሌሎችም ጎረቤቶች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ካሳ ማሽኑ ላይ ነው።

“ና እንጂ!” አሉ ቄሱ።

“መጣሁ፤ ይቺን አንድ ቁልፍ ልጨርስ።”

“ሃያ አራት ቀን ታስረህ አንድ ቁልፍ ያቆይሃል? ያዘዝኩልህ ፉል ይቀዘቅዛል!” ጮኸ ከሪም።

ቁልፏን ጨረሰ። ክሩን በመቀስ ቆረጠ። ፊቱን ታጠበ፤ ነጭ ጋቢውን አደረገ፤ ወደ በሩ መጣ። ከልቅሶና ከሠርግ ውጭ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየነው ያን ቀን ነው፤ ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር፤ ቁመቱ ግን የጨመረ ይመስላል። ቄሱ ጠበሉን ረጩት። ካሳ ግን አልወጣም፤ ወደ ብርሃን ዞረ።

“ቅደሚ።”

“አንተ ነህ የጾምከው፤ አንተ ቅደም።”

“አሥራ አምስቱ እንዲሞላ የተሳለው አንቺ በእግርሽ እንድትሄጂ ነው። ሂጂ፣ ልይሽ።”

ብርሃን ነጠላዋን አስተካክላ ደፉን ተሻገረች፤ ጭቃውን አልፋ፣ ዳገቱን ሠላሳ እርምጃ ያህል ወጣች። ካሳ በሩ መሀል ቆሞ እግሯን እያየ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በኽምጣና ቆጠረ። ከዚያ ረጅም እግሩን አንስቶ ተከተላት።